ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኬ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያነበውም። እባካችሁ እርዱኝ

ድምፅ ሰብሳቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ጭንቅ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው።

1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አለኝ። ትንሹ ዓይነት ነው። የራሱ ቻርጀር የለውም፣ በዩኤስቢ ገመዱ ብቻ ነው የሚሠራው። እስከ ትናንት ወዲያ ደህና ነበር። ትናንት ማታ ስሰካው መብራቱ በራ፣ ኮምፒውተሩ ግን ድምፅ እንኳን አላሰማም። ‹ዚስ ፒሲ› ውስጥ ገብቼ ፈለግኩት፣ የለም። ነቅዬ ሰካሁት፣ የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁት፣ አሁንም የለም።

ያስጨነቀኝ ውስጡ ያለው ነገር ነው። አያቴ በሕይወት ሳለች 4 ዓመት ሙሉ የቀዳሁት ድምፅዋ አለ። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ትዳሯ፣ ስለሞቱባት ልጆቿ የነገረችኝ። 61 ፋይል ነው። ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። እሷም አሁን የለችም።

ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ነው፣ ዊንዶውስ 10። ምን ላድርግ?

ፈጣን መልስ

አይዞህ ወንድም፣ ይሄ ቀላል ነው። የዊንዶውሱን ዲስክ ማኔጅመንት፣ ዲስኮቹ የሚዘረዘሩበትን መስኮት፣ ክፈት። ዲስኩ እዚያ ከታየህ ቀኝ ክሊክ አድርግና ፎርማት በለው። ከዚያ የሪከቨሪ ሶፍትዌር ጭነህ ፋይሎቹን ታወጣለህ። እኔ ፍላሽ ላይ ሞክሬው ሠርቶልኛል።

መፍቻ 12

ድምፅ ሰብሳቢ፣ እባክዎ ፎርማት የሚለውን እንዳይነኩ። ‹ኢኒሻላይዝ› (ዲስኩን እንደ አዲስ ላዘጋጀው) የሚል ሳጥን ቢመጣም ካንስል ይበሉት።

ምክንያቱን ልንገርዎ። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹ ስምና ፎልደር የተመዘገበበትን ማውጫ በባዶ ማውጫ ይተካዋል። ረጅሙ ፎርማት ደግሞ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል። በዜሮ ከተሞላ ዲስክ ፋይል የሚያወጣ ሶፍትዌር የለም። ሁለቱን የሚለያያቸው መስኮቱ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ምልክት ናት። የተጨነቀ ሰው ያቺን ምልክት ላያያት ይችላል።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክን የሚያውቀው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ ይደርሰዋል። ቀጥሎ ሞተሩ ተነስቶ ይሽከረከራል። ቀጥሎ በዳታ ሽቦዎቹ ከኮምፒውተሩ ጋር ይነጋገራል። ከዚያ ዊንዶውስ ‹አንድ ዲስክ መጥቷል› ብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ ውስጡን ገልጦ ክፍሎቹን ያነባል። በመጨረሻ ‹ኢ› ወይም ‹ኤፍ› የሚል ፊደል ይሰጠዋል። ‹ዚስ ፒሲ› ውስጥ የምናየው የመጨረሻውን ብቻ ነው። ስለዚህ ‹የለም› ማለት ከስድስቱ አንዱ ቦታ ላይ ቆሟል ማለት ነው። የት እንደቆመ ሳናውቅ መድኃኒት ብንሰጠው እንጎዳዋለን።

መብራት በራ ማለት ኤሌክትሪክ ደረሰ ማለት ብቻ ነው። ለዚያች መብራት በጣም ትንሽ ኃይል ይበቃታል። ለሞተሩ ግን አይበቃም።

ሦስት ነገር ይንገሩኝ። ጆሮዎን ወደ ዲስኩ ሲያስጠጉ ምን ይሰማል? የሰኩት የት ነው፣ ከፊት ወይስ ከኋላ? ‹ዲቫይስ ማናጀር›ን፣ የተሰኩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበትን መስኮት፣ ከፍተው ሲሰኩትና ሲነቅሉት ዝርዝሩ ይንቀሳቀሳል?

ድምፅ ሰብሳቢ

በጣም አመሰግናለሁ። አንቺ በሉኝ፣ ሴት ነኝ።

ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ዝዝዝ ብሎ ለመነሳት ይሞክራል፣ ከዚያ ጭጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ዝዝዝ። የሰካሁት ከፊት ነው፣ ያውም ማውሱና ኪቦርዱ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ። ዲቫይስ ማናጀር ምንም አይንቀሳቀስም።

የሌሊት ተረኛ

ድምፁን በደንብ ስለገለጽሽው ደስ ብሎኛል። እኔ የምሠራው ከተበላሹ ዲስኮች ጋር ነው፣ በድምፅ ብዙ ነገር ይታወቃል።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ በእኩል ርቀት የሚመታ ከሆነ ማንበቢያው፣ ‹ሄድ› የሚባለው፣ ቦታውን እየፈለገ ያጣዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወዲያውኑ ይነቀላል፣ ለባለሙያ ይሰጣል፣ ቤት ውስጥ ምንም አይሞከርም። እያንዳንዱ ደቂቃ ጉዳት ይጨምራል። ቀጭን የጩኸት ድምፅ፣ ቢፕ ቢፕ የሚል ከሆነ ሞተሩ መዞር አቅቶታል። ወይ ኃይል አንሶታል፣ ወይ ሄዱ ዳታው የተጻፈበት የሚዞረው ሰሃን ላይ ተጣብቋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ገመዱን ወይም ሰርኪዩቱን እጠረጥራለሁ።

ያንቺ ተነስቶ መውደቅ ነው። ብዙ ጊዜ የኃይል ማነስ ምልክት ነው። ይሄ ከሁሉም የተሻለው ዜና ነው።

መፍቻ 12

እህቴ፣ የሌሊት ተረኛ ያለው ልክ ነው። ኃይል እንዲያንሰው ማከፋፈያው ላይ መሰካቱ ራሱ ይበቃል።

የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር። ትንሿ ዲስክ ከዞረች በኋላ ብዙ አትፈልግም፣ ከቆመችበት ስትነሳ ግን ለአፍታ ወደ 1 አምፔር ልትጠጋ ትችላለች። መኪና ከመንዳት ማስነሳት እንደሚከብደው ማለት ነው። የራሱ ኤሌክትሪክ የሌለው ማከፋፈያ ያንኑ የአንድ ቀዳዳ ኃይል ለማውስም ለኪቦርድም ለዲስክም ያካፍላል። የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ደግሞ ከዋናው ቦርድ ጋር የሚገናኘው በረጅም ቀጭን ሽቦ ነው። በመንገድ ላይ ኃይል ይባክናል።

ስለዚህ ከኋላ፣ በቀጥታ ዋናው ቦርድ ላይ ሰኪው። ገመዱንም ቀይሪ። ገመድ ከዲስክ ቀድሞ ይሞታል፣ በተለይ መጋጠሚያው አካባቢ ሲታጠፍ የኖረ ገመድ።

ድምፅ ሰብሳቢ

ከኋላ ሰካሁት፣ አሁንም ዝዝዝ ብሎ ይጠፋል። ገመድ ለመቀየር ደግሞ እንደዚህ ሰፊና ለሁለት የተከፈለ አፍ ያለው ሌላ ገመድ የለኝም።

ፔንግዊን

ለዚህ አንድ ዘዴ አለ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው ልጻፈው።

ያ ለሁለት የተከፈለው የዲስኩ አፍ ትልቁ ግማሹ የድሮ ስልኮች የሚጠቀሙበት ማይክሮ ዩኤስቢ ራሱ ነው። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ስለዚህ የድሮ ስልክ ገመድ ካለሽ ትልቁ ግማሽ ላይ ሰኪው፣ ይገባል። ትንሹ ግማሽ ባዶ ይቀራል፣ ችግር የለውም። በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ቀስ ብሎ ይሠራል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ የስልክ ገመድ ለቻርጅ ብቻ ነው፣ ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም። መጀመሪያ በስልክ ሞክሪው። ፎቶ ወደ ኮምፒውተር ካሳለፈ ለዲስኩም ይሆናል። አጭርና ወፍራም የሆነውን ምረጪ።

ነጭ ላፕቶፕ

በመሀል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን ማክ ነው። ዲስኩ ይዞራል፣ ዴስክቶፑ ላይ ግን አይመጣም። ጓደኛዬ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካው ግን በደንብ ይሠራል።

ፔንግዊን

ነጭ ላፕቶፕ፣ ዲስኩ ደህና ነው ማለት ነው። ሦስት ቦታ እይ። በፋይንደር ሴቲንግስ ውስጥ ኤክስተርናል ዲስኮች ዴስክቶፕ ላይ እንዲታዩ ምልክት ተደርጓል ወይ? ‹ዲስክ ዩቲሊቲ› ውስጥ ከ‹ቪው› ሥር ‹ሾው ኦል ዲቫይስስ› የሚለውን ምረጥና ዲስኩ በግራ በኩል መጥቶ እንደሆነ ተመልከት። መጥቶ ስሙ ከደበዘዘ ‹ማውንት› በለው። ሦስተኛ፣ አዲሶቹ አፕል ሲሊከን ላፕቶፖች ከማክኦኤስ ቬንቱራ ጀምሮ አዲስ ነገር ሲሰካ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ሳታየው እምቢ ብለኸው ሊሆን ይችላል።

እና ከመጣልህ በኋላ ፋይል መጨመር ቢያቅትህ አትደንግጥ። ዊንዶውስ በራሱ የፋይል ሥርዓት፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ያዘጋጀውን ዲስክ ማክ ያነበዋል፣ አይጽፍበትም።

ነጭ ላፕቶፕ

ፈቃዱ ነበር! ነቅዬ ሰክቼ ‹አላው› ስለው መጣ። እግዜር ይስጥልኝ።

ድምፅ ሰብሳቢ

የድሮ ስልኬን ገመድ ከመሳቢያ አገኘሁ። ሰካሁት። ዞረ! ኮምፒውተሩም ድምፅ አሰማ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፈው።

ግን ወዲያው አንድ መስኮት መጣ። ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት ይላል። ካንስል አልኩት። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ‹ዲስክ 1›፣ 931 ጂቢ ይላል፣ ከጎኑ ‹ሮው› የሚል ቃል አለ። 1 ቴራባይት ነው ብዬ የገዛሁት፣ 69 ጂቢው የት ሄደ?

መፍቻ 12

ካንስል ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው።

69 ጂቢው አልጠፋም። አምራቹ ቴራባይትን በ1000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። ያው ዲስክ ነው። እንዲያውም 931 ማለቱ ደስ ይላል። ዲስኩ መጠኑን በትክክል ተናግሯል። 0 ባይት ወይም የማይሆን ቁጥር ቢል ኖሮ እኔም እፈራ ነበር።

‹ሮው› ማለት ዊንዶውስ ክፍሉን አይቶታል፣ ግን በምን ሥርዓት እንደተጻፈ ማወቅ አልቻለም ማለት ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ተቀዶ ቋንቋው እንደጠፋው ሰው ዓይነት። ሌሎቹ ገጾች አሉ። ዊንዶውስ ግን የመጀመሪያው ገጽ ከሌለ ‹ባዶ መጽሐፍ ስጡኝ› ይላል። ፎርማት ልትለው የሚጠይቅሽ ለዚህ ነው።

ፈጣን መልስ

በፊት ፎርማት ያልኩት ልክ አልነበረም፣ አሁን ገባኝ። ግን የዊንዶውሱን ቼክዲስክ ለምን አትሞክርም? እሱ ፎርማት አያደርግም፣ ይጠግናል።

የሌሊት ተረኛ

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ነገር ቼክዲስክ ሮው የሆነ ክፍል ላይ አይሠራም፣ ራሱ እምቢ ይላል። ቢሠራም ግን እኔ አልመክርም። ቼክዲስክ የሚያስበው ለፋይል ሥርዓቱ ጤንነት እንጂ ለፋይሎቹ አይደለም። ማውጫው ውስጥ የማይገባው ነገር ሲያገኝ ይቆርጠዋል። እየጠገነ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። አንድ ኮፒ ብቻ ያለው ሰው ዲስኩ ላይ ምንም ነገር መጻፍ የለበትም። ይሄ የእኔ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ ነው።

እህቴ፣ አሁን ማወቅ ያለብን የዲስኩን ጤና ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘውን ስማርት የሚባል መዝገብ ያነባል። ዲስኩ ላይ አይጽፍም። ክፈችውና ከላይ ያለውን ቀለም፣ ከዚያ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ከሚሉት መስመሮች መጨረሻ ያለውን ቁጥር ንገሪኝ።

ድምፅ ሰብሳቢ

ቀለሙ ቢጫ ነው። 05 ላይ ሁሉም ዜሮ ነው። ሲ5 ላይ መጨረሻው 18 ይላል። ሲ6 ዜሮ ነው።

የሌሊት ተረኛ

ፕሮግራሙ የሚቆጥረው በአሥራ ስድስት ቤት ነው። 18 ማለት በእኛ አቆጣጠር 24 ነው።

05 ዲስኩ ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተካቸውን ሴክተሮች፣ ማለትም ዲስኩ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ቦታዎች፣ ይቆጥራል። ዜሮ ነው፣ ደግ። ሲ5 ደግሞ ዲስኩ ሊያነባቸው ሞክሮ ያቃተውን ይቆጥራል። እነዚህ ገና አልተወሰነላቸውም። አንዳንዴ በገመዱ የሚመጣው ኃይል አንሶ፣ እየተጻፈ ሳለ መብራት እንደጠፋበት ሲሆን ይፈጠራሉ። አንዳንዴ ደግሞ ሰሃኑ ራሱ መጎዳት ሲጀምር ነው። አንዱ ሴክተር 512 ባይት ነው። የአሁን ዲስኮች ግን ውስጣቸው 8 ሴክተር በአንድ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ 24 ማለት እውነተኛ የተጎዳ ቦታ 3 ብቻ ነው። ከ1 ቴራባይት ውስጥ 12 ኪሎባይት።

ከሦስቱ አንዱ የክፍሉ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሮው ያለው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ነው። ነገር ግን ነገ 24 ሆኖ ላይቆይ ይችላል። ፋይል ፍለጋ አንጀምርም። መጀመሪያ ሙሉ ዲስኩን ወደ ሌላ ዲስክ እንቀዳዋለን፣ ከዚያ በኋላ የምንነካው ቅጂውን ብቻ ነው። ዲስኩን አሁን ንቀዪው።

ብሎን

ለምን ሳጥኑን ከፍታ ዲስኩን አውጥታ በቀጥታ ‹ሳታ› ገመድ (የኮምፒውተር ውስጥ ዲስክ የሚሰካበት) ላይ አትሰካውም? የዩኤስቢው ሳጥን ነው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው። እኔ ሁለት ጊዜ እንደዚያ አድርጌ አድኛለሁ።

መፍቻ 12

ብሎን፣ ሐሳብህ ለትልልቆቹ፣ የራሳቸው ቻርጀር ላላቸው 3.5 ኢንች ዲስኮች ብዙ ጊዜ ይሠራል። ቻርጀራቸው ወይም ሳጥናቸው ውስጥ ያለው ትንሽ ሰርኪዩት ሲቃጠል ዲስኩ ደህና ሆኖ ይገኛል። ግን ሦስት ነገር ላንሳ።

ከትንንሾቹ ብዙዎቹ ሲከፈቱ ውስጣቸው የሳታ መሰኪያ የለም። የዩኤስቢው አፍ ራሱ የዲስኩ ቦርድ ላይ በቀጥታ ተበይዷል። ሳጥኑን መስበር ብቻ ይሆናል ትርፉ።

ሁለተኛ፣ አንዳንድ ሳጥኖች ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ባያስገባም እንኳን እያንዳንዷን ባይት እየመሰጠሩ ነው የሚጽፉት። ምስጢሩን የሚፈታው ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። ዲስኩን ከሱ ለይተሽ ስትሰኪው የምታይው ትርጉም የሌለው ነገር ነው።

ሦስተኛ፣ አንዳንድ ሳጥኖች ሴክተሩን 512 የነበረውን 4096 አስመስለው ለኮምፒውተሩ ያሳዩታል። በቀጥታ ሲሰካ አድራሻው ሁሉ ይዛባል፣ ጤነኛ ዲስክ ሮው ሆኖ ይታያል። ሰው ይሄን ሳያውቅ ‹ኢኒሻላይዝ› ይለዋል። ያን ጊዜ ነው ደህናው ነገር የሚበላሸው።

ስለዚህ ሳጥኑ በራሱ የሚሠራ ከሆነ አይነካም። የእሷ አሁን እየሠራ ነው።

ቀይ መስመር

ፕላስቲክ ውስጥ አድርጎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር የሚባለውስ? ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ።

የሌሊት ተረኛ

እባካችሁ አታድርጉት። ከቅዝቃዜ ወጥቶ ሲሞቅ ውስጡ ጤዛ ይይዛል። ሰሃኑ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል፣ በሰከንድ 90 ማለት ነው። ሄዱ ከሰሃኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው የሚንሳፈፈው። የጣት አሻራ ውፍረት እንኳን ከዚያ ይበልጣል። እዚያ መሀል የውሃ ጠብታ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ክዳኑን ከፍቶ ማየትም እንደዚያው ነው፣ አንድ የአቧራ ቅንጣት ይበቃል።

ድምፅ ሰብሳቢ

ባዶ 2 ቴራባይት ዲስክ ተዋስኩ። ከየት ልጀምር?

ፔንግዊን

እሺ፣ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሥርዓት) የተጫነበት ማስነሻ ፍላሽ አዘጋጂ። ኮምፒውተርሽ ላይ መጫን አያስፈልግም፣ ከፍላሹ ይነሳል። ዊንዶውስን የምንተወው ዲስክ በተሰካ ቁጥር ሳይጠየቅ ስለሚነካካ ነው። የተዋስሽውን ዲስክ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጪ። ፋት32 ከሆነ አይሆንም፣ አንድ ፋይል ከ4 ጂቢ በላይ አይቀበልም፣ የኛ ቅጂ ደግሞ አንድ ትልቅ ፋይል ነው።

የምንጠቀመው ፕሮግራም ዲዲሬስኪው ይባላል። ተራ ኮፒ ችግር ሲያገኝ እዚያው ተጣብቆ ዲስኩን ያደክመዋል። ዲዲሬስኪው ግን የከበደውን ቦታ ዘሎ መጀመሪያ ቀላሉን ሁሉ ያነባል። ከዚያ ነው ወደ ከባዱ የሚመለሰው። ትእዛዙን ከፕሮግራሙ መመሪያ ላይ ገልብጪ። የምትሰጪው ሦስት ስም ነው። የመጀመሪያው የሚነበበው ዲስክ፣ ሁለተኛው ቅጂው የሚጻፍበት ፋይል፣ ሦስተኛው ማፕ ፋይል። ማፑ የተነበበውንና ያልተነበበውን ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ እንኳን ካቆመበት ይቀጥላል። ማፑን ፍላሹ ላይ ሳይሆን የተዋስሽው ዲስክ ላይ አስቀምጪው፣ ፍላሹ ሲጠፋ አብሮ እንዳይጠፋ።

አሁን ከሁሉም የሚያስፈራው ቦታ። የመጀመሪያውና የሁለተኛው ቦታ ከተለዋወጠ የአያትሽ ድምፅ ላይ ትጽፊበታለሽ። ስለዚህ ዲስኮቹን በስማቸው ብቻ አትመኚ፣ በመጠናቸው ለይያቸው። 931 የሚለው ምንጩ ነው፣ 1.8 ቴራ የሚለው መድረሻው። ትእዛዙን ጽፈሽ ኢንተር ከመምታትሽ በፊት እዚህ ገልብጪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ድምፅ ሰብሳቢ

ገልብጬ ላኩልህ፣ በውስጥ መልእክት። ተመልከትልኝ። እስክትመልስ እጠብቃለሁ።

ፔንግዊን

አየሁት። ልክ ነው። ምንጩም መድረሻውም በቦታቸው ናቸው። ምቺው።

በዚያ በስልክ ገመድ በዩኤስቢ 2 ስለሆነ በሰከንድ ወደ 35 ሜጋባይት ነው የሚሄደው። ሁሉም ደህና ከሆነ 8 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዲስኩን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጊው፣ አየር ያግኘው፣ ገመዱን ማንም አይንካ።

ተመልካች

በዚህ መሀል ሌሎች የሚያነቡ ካሉ፣ የኔ ታሪክ አጭር ነው። ዲስኬ ዲስክ ማኔጅመንት ላይ ‹ሄልዚ› ይላል፣ ሮው አይልም፣ ግን ‹ዚስ ፒሲ› ላይ የለም። ምን ይሆን?

መፍቻ 12

ፊደል ነው ያጣው። ክፍሉ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርግና የድራይቭ ፊደል መቀየሪያውን ምረጥ፣ ያልተያዘ ፊደል ስጠው። ይሄ ምንም አይደመስስም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው በኔትወርክ የተያያዘ ፎልደር ያንኑ ፊደል ሲይዝበት ነው። ‹ኦፍላይን› ካለ ደግሞ በግራ በኩል ባለው የዲስኩ ስም ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገህ ‹ኦንላይን› በለው።

ተመልካች

መጣ። አመሰግናለሁ።

ድምፅ ሰብሳቢ

11 ሰዓት ፈጀ። አልተኛሁም። አሁን ያልተነበበው 12 ኪሎባይት ብቻ ነው ይላል። የሌሊት ተረኛ እንዳለው ልክ 12!

የሌሊት ተረኛ

በጣም ጥሩ። አሁን ያንኑ ማፕ ይዘሽ ለከባዶቹ ቦታዎች ብቻ 3 ጊዜ እንዲሞክር እዘዢው። ከዚያ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ከኋላ ወደፊት እንዲያነብ አድርጊ። ሄዱ ከሌላ በኩል ሲመጣ አንዳንዴ ያነበዋል። ከዚያ በላይ አትግፊው።

ድምፅ ሰብሳቢ

4 ኪሎባይት ተመለሰ። 8 ቀረ። ዲስኩን ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ፔንግዊን

ትክክል ነው ያደረግሽው። አሁን ቴስትዲስክ የሚባለውን የዲስክ ክፍል መጠገኛ ፕሮግራም ክፈቺና ቅጂውን ፋይል ስጪው። ክፍሉን ምረጪ፣ ከዚያ ‹አድቫንስድ›፣ ከዚያ ‹ቡት› የሚለውን። ኤንቲኤፍኤስ የመጀመሪያ ሴክተሩን ግልባጭ በክፍሉ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የመጀመሪያው ‹ባድ›፣ ግልባጩ ‹ኦኬ› ካለ ግልባጩን ወደ መጀመሪያው ቦታ እንዲያደርግ ፍቀጂለት። ቅጂው ላይ ስለሆነ መጻፉ አያስፈራም። ከዚያ ፋይሎቹን ዘርዝሪ።

ድምፅ ሰብሳቢ

‹ባድ› እና ‹ኦኬ› አለ። ልክ እንዳልከው።

ዘረዘረው። ፎልደሩ አለ። በስሟ ነው የጠራሁት። 61ዱም አሉ፣ ስማቸው፣ ቀናቸው፣ ሁሉም። ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጥኳቸው። አሁን አንድ በአንድ እየሰማሁ ነው፣ ይከፈቱ እንደሆነ ለማየት። እመለሳለሁ።

ፈጣን መልስ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የመጀመሪያውን ምክሬን ብትሰሚ ኖሮ ምን እንደሚሆን እያሰብኩ ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክሬን አስተካክዬ ሌላ ሰው እንዳያነበው ከላይ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ድምፅ ሰብሳቢ

ምንም አይደለም፣ ለመርዳት ብለህ ነው።

ሁሉንም ሰምቼ ጨረስኩ፣ 3 ቀን ፈጀብኝ። 60ው ምንም አልሆኑም። 38ኛው ላይ አንድ ቦታ ድምፁ ይዘላል። በጣም አጭር ነው፣ ደግሜ ደግሜ ነው የሰማሁት። ምንድን ነው እሱ?

የሌሊት ተረኛ

ካልተነበበው 8 ኪሎባይት ግማሹ የክፍሉ መጀመሪያ ላይ ነበር። የቀረው 4 እዚያ ፋይል ውስጥ ወድቋል። ፋይሎችሽ ኤምፒ3 ናቸው? በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከሆኑ 4 ኪሎባይት ማለት ሩብ ሰከንድ ድምፅ ነው።

ድምፅ ሰብሳቢ

አዎ፣ 128 ናቸው።

ስለ መጀመሪያ ልጇ የምትነግረኝ ቦታ ነው። ስሙን ስትጠራው ከመሀል አንድ ፊደል ጠፋ። ስሙን ስለማውቀው ይሰማኛል።

ፋይሎቹን አሁን ሁለት ቦታ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እህቴ ቤት። የተዋስኩትን ዲስክ ነገ እመልሳለሁ። መፍቻ 12፣ የድሮውን ዲስክ ልጣለው?

መፍቻ 12

አሁን አትጣይው። ሁለቱ ቅጂዎች ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍተው መሥራታቸውን እስክታረጋግጪ ድረስ በጨርቁ እንዳለ ይቀመጥ። ያንን ዝዝዝ ያለውን ገመድ ግን ዛሬውኑ ቆርጠሽ ጣይው፣ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይሰካበት።